የመሪጌታ ማሳሳቻ

ባለቤቴ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከአንድ ሥር በቀር ከኔ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። በደብሩ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ቄስ በጾም እርጎ እንደቀመሰ፣ የትኛው ዲያቆን ለዜማ ሳይሆን ለዝክር እንደሚመጣ፣ ሁሉንም እራት ላይ ያወሩኛል። ወሬው ወደ ሥሩ ሲጠጋ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ዳዊታቸውን ይከፍታሉ። እኔ ባፈና፣ ሠላሳ ዓመት እግራቸውን ያጠብኩ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ወልጄ አሳድጌ የዳርኩ ሴት፣ ቤታችንን ያስከበረው መድኃኒት ከየትኛው ተክል እንደሚነቀል አላውቅም ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የመሪጌታ ቅባት በአንኮበር ብቻ አይደለም፣ ቁልቁል እስከ አሊዩ አምባ፣ ሽቅብ እስከ ደብረ ብርሃን ስም ነበረው። እሳት ያቃጠለው፣ መጥረቢያ ስቶ የመታው፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሸተተ ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣል። ሥሩ ይወቀጥና በቅቤ ይለወሳል። የሌላው ሰው ቅቤ ገና ሳይሰነብት ሲሸት፣ የመሪጌታ ቅባት ክረምቱን ከርሞ እንኳ ጠረኑ አይለወጥም። «የሥሩ ኃይል ነው» ይላሉ ጢማቸውን እየደባበሱ። እኔም የሥሩ ኃይል ነው ብዬ አምን ነበር።

ሥሩ የሚነቀልበት ደንብ አለ። ጎህ ሳይቀድ፣ የሰው ጥላ ሳያርፍበት፣ በባዶ ሆድ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። ከቤት ከወጡ ጀምሮ ሥሩ ጓዳ እስኪገባ ድረስ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ከተለዋወጡ መድኃኒቱ ይረክሳል። አንድ ማለዳ ሥሩን በጋቢያቸው ሸፍነው ሲመለሱ ጥጃችን ደጅ ላይ የተሰጣውን ድጓቸውን ስታኝክ ደረሱ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እህል አበጥራለሁ፣ አላየሁም። እሳቸው ዓይናቸው ፈጦ በአንድ እጃቸው አየሩን ይመታሉ እንጂ «ባፈና፣ ጥጃዋን!» ማለት አልቻሉም። ዞር ስል አንድ ገጽ ተውጧል። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ገጽ በቃላቸው ነበር የሚያዜሙት።

ሌላም ደንብ አለ፤ ማሳሳቻ ይባላል። መድኃኒት ዐዋቂ ዋናውን መድኃኒት ለብቻው አይወቅጥም። ሰው በመልኩ ወይም በጠረኑ እንዳይለየው ሌላ ነገር ይቀላቅልበታል። ቅጠሉ ደጅ ላይ ተሰጥቶ ሁሉም ያየዋል፣ ሥሩ ግን በጓዳ ይገባበታል። ያንን ቅጠል ማምጣት የኔ ሥራ ነበር። «ምንም ይሁን፣ አረም ለቅመሽ ነይ፣ ለማሳሳቻ ማን ይመርጣል» ይሉኛል። እኔ ግን በሰው ቁስል ላይ በሚቀባ ነገር ውስጥ አረም መጨመር አልወድም። የማመጣው ከገደሉ አፋፍ የሚበቅለውን የዱር ግራዋ ነው። ጋን የማጥበው በሱ ነው፤ ጋን የሚያጠራ ቅጠል ቁስል አያቆሽሽም ብዬ ነው። ቀጥፌ፣ አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ አልሜ ወቅጬ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው እፍኝ ሙሉ ይዘግኑና ወደ ጓዳ ገብተው በሩን በላዬ ላይ ይዘጋሉ።

ነገሩ የተበላሸው በደርግ ጊዜ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደአረጋይ ይባላል። ልጅ ሳለ ከመሪጌታ ዘንድ ዜማ ሊማር መጥቶ፣ ድምፅህ ለዜማ አይሆንም ብለው መልሰውት ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ድምፁ የሚፈለግበት ቦታ አገኘ።

አንድ ማለዳ መሪጌታ ሥራቸውን ነቅለው ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ከሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጠመንጃ ያነገቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ተከትለውታል።

«ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሰንዝሮ።

መሪጌታ ዝም።

ያልሰሙት መስሎት ጮክ ብሎ ደገመው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ለማለት ነበር፤ ግን ብርዱ ስላንቀጠቀጣቸው ንቅናቄያቸው ወደ ጎን ሆነ።

«እንዳትቀድም ነው የሚፈልጉት?» አለ ጓድ ወልደአረጋይ።

አሁንም ዝም። ይልቁንም ጋቢያቸውን ከወትሮው አጥብቀው ያዙ። ከጋቢው ሥር ምን እንደተሸሸገ ማን ያውቃል? ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን አወረዱና መሪጌታን እየነዱ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወሰዷቸው።

ወሬውን ሰምቼ እየሮጥኩ ስደርስ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ ሥሩን በብብታቸው ይዘዋል። መቼም ሲፈሩ ዐይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የፈሩት ጠመንጃውን ሳይሆን ሳያስቡት ቃል እንዳያመልጣቸው ነበር።

«እትዬ ባፈና፣ ባለቤትዎ አድኃሪ ሆነዋል» አለኝ ጓድ ወልደአረጋይ። «አብዮቱን ሰላም አይሉም።»

«ኧረ ልጄ፣ እኔንስ መቼ ሰላም ይሉኛል! ሥር ነቅለው ሲመለሱ ለማንም አይናገሩም።»

«የምን ሥር?»

መሪጌታ ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ። ምን ላድርግ? ወይ የሥሩ ነገር ይነሣል ወይ እሳቸው ይታሰራሉ። እኔ ደግሞ ለእስረኛ ስንቅ የማመላልስበት ጉልበት የለኝም።

«የመድኃኒት ሥር ነዋ! ጓዳ ሳይገባ ከተናገሩ ይረክሳል። የእናትህን ክንድ ያዳነው ሥር፣ ረሳኸው?»

ጓድ ወልደአረጋይ አሰበ። የሊቀመንበር ማሰብ ደግሞ ለደግ አይሆንም።

«ዕውቀትን ለብቻ ማፈን የፊውዳል ጠባይ ነው» አለ። «መሬቱ ላራሹ ሆኗል። መሬቱ ውስጥ ያለው ሥርስ?»

«ላራሹ!» አሉ ጥበቃዎቹ።

«ከአዲስ አበባ በዱር ዕፅዋት ላይ የሚመራመር ጓድ በቅርቡ ይመጣል። ጓድ መሪጌታ መድኃኒታቸውን ለሰፊው ሕዝብ ያስረክባሉ። ተቃውሞ ያለው?» ብሎ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ዝም አሉ። «ተቃውሞ የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ቤት ደርሰን ሥሩ ጓዳ እንደገባ የቀኑን ንግግር ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጡት። ጓድ ወልደአረጋይን በግእዝም በአማርኛም ሰደቡት። ሲደክማቸው መደቡ ላይ ተቀመጡና ፈገግ አሉ። የሳቸውን ፈገግታ እኔ እፈራዋለሁ።

«ማሳሳቻውን እሰጣቸዋለሁ» አሉ። «መድኃኒቴ ይህ ነው እላለሁ። ሥሩ እዚሁ ይቀራል።»

«እንግዲያው ሥሩን ለኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ነገ ቢያስሩዎ ያ ሁሉ ቁስለኛ ደጃችን ሲቆም ምን ልበለው?»

«ለሴት የተነገረ ምስጢር ገበያ ወጣ ማለት ነው። ለኃይለ ገብርኤል ነው የምነግረው። ለፍልሰታ ይመጣል።»

ኃይለ ገብርኤል ለሚ ከተማ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነው። ሁለት ብርሌ ጠጅ ከቀመሰ የንስሐ አባቱን ኃጢአት ሳይቀር የሚያወራ ሰው። ለሱ ሊነገር፣ ከኔ ሊደበቅ! ከቤት ወጥቼ ከግራዋዬ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሥሩን አገር ላገር ይዤ ልዞር አልነበረም የፈለግኩት። አብሬያቸው አርጅቼ አለመታመኔ ነው ያንገበገበኝ።

ያ ፍልሰታ ግን ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው ኃይለ ገብርኤል ሳይመጣ ቀረ። እኔም ወንዙን በልቤ አመሰገንኩ።

ተመራማሪው የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ብርሃነ መስቀል ይባላል፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ጫማውን ጭቃ የጨረሰበት ጨዋ ልጅ። ቅጠሉን ከነግንዱ አሳዩኝ ሲል መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አድርገው «ለዓይን አይታይም፣ ደንባችን አይፈቅድም። ዱቄቱን ውሰድ» አሉት። እኔ የወቀጥኩትን ግራዋ በጨርቅ ቋጥረው በሁለት እጃቸው አስረከቡት። ልጁ ሊከራከር ሲል ጓድ ወልደአረጋይ «ሕዝቡ ሰጥቷል፣ ውሰድ» ብሎ አጨበጨበ። መሪጌታ ያን ቀን ከልባቸው ሲስቁ አመሹ። ለደርግ የጋን ማጠቢያ አስረክቤ መለስኩት እያሉ።

በጥቅምት ብርሃነ መስቀል ተመለሰ። ጓድ ወልደአረጋይ ጡሩምባ አስነፍቶ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበ። እኔና መሪጌታም ፊት ላይ ተቀመጥን። የጋን ማጠቢያ መስጠታችን ሊጋለጥ ነው ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ቁስል የሚያመረቅዘው በዓይን በማይታዩ ተሐዋስያን ነው» አለ ልጁ። «እነሱን በሳህን ላይ አራባንና የመሪጌታን ዱቄት ጨመርንባቸው። ዱቄቱ ባለበት ዙሪያ ድርሽ አላሉም። ሌላም አለ። ቅቤ የሚሸተው አየር ሲያበላሸው ነው፤ ይህ ዱቄት የገባበት ቅቤ ግን ሳይሸት ቆየ። ገና ብዙ ጥናት ይቀረናል፣ ለሰው ሁሉ ይሆናል ለማለት አልደፍርም። ውጤቱ ግን በጣም ጥሩ ነው።»

ሴቱ እልል አለ። ጓድ ወልደአረጋይ ደስታው ልኩን አልፎ «የመሪጌታ መድኃኒት ይቅደም!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም «ይቅደም!» አለ። ከመላው ሕዝብ ያልሳቀ አንድ ሰው መሪጌታ ነበሩ።

እቤት ስንገባ በሩን ዘግተው «ማሳሳቻው ነው እኮ!» አሉ እያንሾካሾኩ።

«ሰማሁ» አልኩ። ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ነበር፤ ደስታዬን እንዳያዩብኝ።

«ማሳሳቻው ይህን ካደረገ ዋናው ምን ሊያደርግ ነው? ሳህኑንም ይሰብራል!»

«መሪጌታ፣ ይተዉት። ጎመን በጤና።»

እሳቸው ግን ለሥሩ ቀንተዋል። ያባታቸው፣ የአያታቸው ሥር በጓዳ ተቀምጦ የጋን ማጠቢያ በአደባባይ ሲወደስ እንዴት ዝም ይበሉ? በማግሥቱ ልጁ መኪናው ላይ ሊሳፈር ሲል ደርሰው ሌላ ቋጠሮ በእጁ አስያዙት። «ያ ታናሹ ነው» አሉት። «ይህ ታላቁ ነው። ሳህንህን አጥብቀህ ያዝ።»

ከዚያ ወዲያ መሪጌታ መንገድ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ከረሙ። መኪና በተሰማ ቁጥር ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ። ለሐውልት የሚሆን ቦታ ሁሉ የመረጡ ይመስለኛል።

ብርሃነ መስቀል ዐቢይ ጾም ላይ መጣ። ጓድ ወልደአረጋይን አላስከተለም፤ ብቻውን ነው። በርከክ ብሎ ሰላም ብሎን ተቀመጠ። የሰጠሁትን ተልባ ሳይጠጣ ያሽከረክረዋል።

«መሪጌታ፣ ታላቁን ሞከርነው» አለ።

«እህ?»

«ተሐዋስያኑ አልሞቱም።»

«ደነገጡ?»

«አልደነገጡም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ልጁ ተልባውን አየ፣ እኔን አየ። «ተመቻቸው መሰለኝ፣ አባቴ። በዙ።»

«ቅቤውስ?»

«ሸተተ።»

ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ የመሪጌታን ፊት ሳይ ግን ተመለሰ። ባሌ በአንድ ቅጽበት አረጁብኝ። ጢማቸውን የሚደባብሰው እጃቸው አገጫቸው ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ያ የመጀመሪያው ግን ድንቅ ነው» አለ ልጁ ሊያጽናናቸው። «እባክዎ ተክሉን ያሳዩኝ። ምንድን ነው?»

መሪጌታ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ በጋቢያቸው ሥር ምንም አልነበረም። በመጨረሻ ወደኔ ሳያዩ «ባፈና ታውቃለች» አሉ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእንግዳ ፊት እንዲህ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው። ወጥቼ አንድ ዘለላ ቀጥፌ መጣሁ።

«ግራዋ!» አለ ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ለምን ግራዋን መረጡ?»

«ማሳሳቻ አምጪ ስባል ነው» አልኩት። «በሰው ቁስል ላይ አረም እንዴት እጨምራለሁ? ጋኑን የሚያጠራልኝን አመጣሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። መሪጌታ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እንደዞሩም ተኙ። በሽታ የለም፣ ትኩሳት የለም፤ ዝም ብለው ግድግዳ ያያሉ። ቁስለኛ ሲመጣ «መድኃኒተኛው ሞቷል በያቸው» ይሉኛል። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይመለሳል። ኃይለ ገብርኤልን ላስጠራልዎ ስላቸው «ምን ልነግረው?» አሉ። በዚያ ሥር ምክንያት ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ፤ ግን እሳቸው የነበራቸው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ረሒማ ከአሊዩ አምባ ወጣች። በርበሬና ጨው የምትነግድ የቆየች ወዳጄ ናት። ባሏን ዓወልን በበቅሎ ጭና ነው የመጣችው፤ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ስቶ እግሩን መቶታል፣ ቁስሉም አመርቅዟል።

«ባፈና፣ ወላሂ ይህ እግር ሊበሰብስብኝ ነው» አለች ገና ከደጅ። «መሪጌታስ?»

በሩ ክፍት ነው፣ እሳቸውም እዚያው መደብ ላይ ተኝተው ይሰማሉ። ሞተዋል ልበል? ሥሩ አይረባም ልበል?

«ሥር ሊነቅሉ ወጥተዋል» አልኳት። «ቢመለሱም አይናገሩም። ነይ፣ እኔ ጠብቄ የያዝኩት አለ።»

የዓወልን እግር በፈላ ውኃ አጥቤ፣ ግራዋውን ወቅጬ፣ በንጹሕ ቅቤ ለውሼ አሰርኩለት። እየተመለሰች ቁስሉን እንድታሳየኝ ነግሬ፣ ቅጠሉንም አሳይቼ ሸኘኋት።

«ይኸው ነው?» አለች ረሒማ ገርሟት። «እንሥራ የምናጥብበት? ሱብሓነላህ! ለዚህ ነው ያንን ዳገት የምወጣው?»

«ዳገቱ ለመሪጌታ ክብር ነው» አልኳት።

ረሒማ ከሄደች በኋላ ከውስጥ «ባፈና» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«አቤት።»

«ነይ። በሩን ዝጊና ጆሮሽን አምጪ።»

ጎንበስ አልኩ። እንደ ደንቡ አማትበው፣ ግራ ቀኝ ዐይተው፣ በቤቱ ውስጥ ከድመቷ በቀር ማንም እንደሌለ አረጋግጠው የሥሩን ስም በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ሰማሁት። በየቀኑ ውኃ ስቀዳ የምረግጠው ተክል ነው! አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። የመጣው ሳቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ዕንባ ሆነ።

«ምንም አያድንም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ነገሩኝ?»

«ሌላ ምስጢር የለኝማ» አሉ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀስኳቸው። «ይነሡ። ከእንግዲህ መድኃኒቱን እኔ አዘጋጃለሁ። ማሳሳቻውን እርስዎ ያምጡ።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ከወራት በኋላ ጢማቸውን ደባበሱና ወጡ። ሲመለሱ ሥሩን በብብታቸው ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ማሳሳቻ ቢሆንም ሳይናገሩ ነው ያመጡት፤ እኔም ጓዳ እስኪያገቡት ሰላም አላልኳቸውም። ከዚያ ወዲያ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። እሳቸው የነቀሉትን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለወጉ ያህል ጫፏን ብቻ ከዱቄቱ አጠገብ በሌላ ዕቃ አኖርላቸዋለሁ። ጓድ ወልደአረጋይም ልማድ አወጣ። ማለዳ ድልድዩ ላይ ካገኛቸው «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ይልና በሳቸው ፈንታ «ትቅደም!» ብሎ ለራሱ መልሶ ያልፋል።

የዓወል እግር ሰንብቶ ዳነ። በበቅሎ የመጣው ሰውዬ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ ጨው አመጣልን።

በቀጣዩ ፍልሰታ ኃይለ ገብርኤል ከለሚ መጣ። አጎቱን ስለ ሥሩ ሲጠይቃቸው «እሱን ባፈናን ጠይቃት» አሉት። ወደኔ ዞረ።

«ለወንድ የተነገረ ምስጢር ጠጅ ቤት ገባ ማለት ነው» አልኩት። መሪጌታ ጀርባቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲስቁ ነበር።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል። ግራዋውን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ረሒማማ በአሊዩ አምባ ገበያ ዐውጃዋለች። አልረከሰም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ይህንን ታሪክም በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። የሥሩን ስም ግን አልጻፍኩትም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። ምንም አያድንም፣ ለማንም አይጠቅምም። ለኔ ግን ተነግሮኛል።